ተቆጣጣሪው በምሳ ሰዓት ይምጣ

ለዝግጅት ክፍሉ፣

በአፍንጫ ቱቦ የሚመገቡ፣ ኦክስጅን የሚወስዱ ወይም የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሕፃናት ስለሚውሉባቸው ማቆያዎች ነው የምንጽፈው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲኖራቸው አዝዞ ነበር። ለእነዚህ ልጆች ግን የተራ ማቆያ መመዘኛ አይበቃም። ክፍሉን መለካትና መጫወቻውን መቁጠር ቀላል ነው፤ ዋናው ጥያቄ ነርሷ ምሳ ስትወጣ ማን ይተካታል የሚለው ነው።

ቱቦውን እንውሰድ። ምግብ ከመስጠት በፊት ሁልጊዜ ጥቂት ፈሳሽ ከቱቦው በሲሪንጅ ተስቦ አሲድነትን በሚያሳይ ወረቀት (በፒኤች ወረቀት) ይለካል። ከ5.5 በላይ ካሳየ ቱቦው ጨጓራ ውስጥ መሆኑ አልተረጋገጠምና ምግቡ ይቆማል። አየር ነፍቶ በማዳመጫ «ሰማሁ» ማለት አያስተማምንም፤ ሳንባ የገባ ቱቦም ድምፅ ይሰጣል። ልጁ ከወገቡ በላይ ቢያንስ 30 ዲግሪ ቀና ብሎ ይመገባል፣ ከዚያም ግማሽ ሰዓት ያህል አይጋደምም። አንዲት ሞግዚት እንዲህ ያሉ ሦስት ልጆች በአንድ የምሳ ሰዓት ከተሰጧት መቸኮሏ አይቀርም። ስትቸኩል መጀመሪያ የምትዘለው ደግሞ ወረቀቱን ነው።

ኦክስጅን ላይ ከፍታውም አይዘንጋ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ቆላው ሸዋሮቢት ለሚውል ልጅ የተጻፈ የደም ኦክስጅን መጠን እዚህ አይሠራም። መጠኑ ከስንት በመቶ ሲወርድ ሐኪም እንደሚጠራ የልጁ ሐኪም በመዝገቡ ላይ ይጻፍ። ኮንሰንትሬተር (ኦክስጅንን ከአየር የሚለይ የኤሌክትሪክ መሣሪያ) መብራት ሲጠፋ ይቆማል። በደቂቃ 2 ሊትር የሚወስድ ልጅ በሰዓት 120 ሊትር ይፈጃልና፣ ሲሊንደሩ ውስጥ 240 ሊትር ከቀረ ያለው ሁለት ሰዓት ብቻ ነው። በውርጭ ወራት ደግሞ የከሰል ማንደጃ ወደ ክፍሉ አይግባ፤ ጭሱ ባይታይም መርዝ ነው፣ ኦክስጅን ባለበት እሳቱም ይብሳል። ቡናውም ውጭ ይፈላ፣ ቅር ቢያሰኝም።

ልጅ ሲጥለው ክብሪት ማሽተትና ማንኪያ በጥርሱ መሃል ማስገባት ይቅር። በጎኑ ይተኛ፣ ሰዓት ይያዝ። 5 ደቂቃ ካለፈ በሐኪም የታዘዘለት መድኃኒት ተሰጥቶት ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። ሽሮፕ መድኃኒት በሻይ ማንኪያ ሳይሆን በሲሪንጅ ይለካ።

ፈቃዱ በሕንፃው ሳይሆን በየሰዓቱ በቦታው በሚገኘው የሠለጠነ ሰው ቁጥር ይሰጥ። ተቆጣጣሪው ሳይነገር በ6 ሰዓት ይምጣ፤ አንድ ልጅ ሲመገብ ቆሞ ይይ፣ ልጅ ያልተገናኘበት ኮንሰንትሬተር ሲነቀል ሲሊንደሩ በስንት ደቂቃ እንደሚዘጋጅ ይጠይቅ። ጉድለት ከተገኘ ለሕይወት የሚያሰጋ ካልሆነ በቀር ወዲያው አይዘጋ፤ ወላጆች ሌላ ማዋያ የላቸውም። እስኪስተካከል ድረስ አዲስ ልጅ መቀበል ይታገድ።

የሕፃናት ሕክምና ባለሙያዎች፣ ከደብረ ብርሃን