የቅርስና እደ ጥበብ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ የማሜን መጥረቢያ

«አማርኛ እንዲማሩ የላክናቸውን ልጆች ከቫይኪንግ መጥረቢያ ጋር ምን አገናኛቸው?» ላላችሁ ወላጆች፣ መልሱ መተላለፊያው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። መግለጫዎቹን በሙሉ በአማርኛ የጻፉት ልጆቹ ናቸው።

የመጀመሪያዎቹ ስብሰባዎች እንደ ወትሮው በምዝገባና በሥራ ክፍፍል አለፉ። ሥራው የደመቀው ኮፐንሃገን የሚገኘውን ብሔራዊ ሙዚየም ከጎበኘን በኋላ ነው። መጥረቢያው እ.ኤ.አ. በ1868 ዴንማርክ ውስጥ ከቪቦርግ ከተማ አጠገብ፣ ማሜን ከሚገኝ ጉብታ መቃብር ወጣ። የመቃብሩ ክፍል የታነጸበት እንጨት ቀለበቶች ተመርምረው፣ ዛፉ የተቆረጠው በ970 እና በ971 መካከል ባለው ክረምት መሆኑ ታውቋል። ዛቢያው የለም፤ ብረቱ ግን በሁለቱም ገጽ በብር ሽቦ አጊጧል፦ በአንዱ ወፍ፣ በሌላው የሚጠላለፍ ቅጠል።

አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪያችን መስታወቱ ፊት ቆማ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ የብራና ሐረግ ነው!» አለች። በታሪክ ዝምድና የላቸውም፤ ዓይኗ ግን አልተሳሳተም። አንዱን ግንድ ይዛ የቱ በላይ፣ የቱ በታች እንደሚያልፍ እየተከተለች እስከ ጫፉ ሣለችው። አስጎብኚዋም ጉብኝቱን አቁማ ጠበቀቻት።

የመጥረቢያውን ቅጂ በጭቃና በሽቦ መሥራት ስንጀምር የመጀመሪያዎቹ ሁሉ ተበላሹ። ሽቦውን እርጥብ ጭቃ ውስጥ ነበር የቀበርነው። ጭቃ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ሽቦ አይኮማተርም፤ ስለዚህ ሽቦው ተጣሞ ወጣ፣ ቀጭኑ ስለትም ተሰነጠቀ። ሁለተኛውን ዙር ስለቱን ከ5 ሚሊ ሜትር ሳናሳንስ ሠርተን፣ ጭቃው ፈጽሞ እስኪደርቅ ጠበቅን። ከዚያ በምስማር ጫፍ ቦይ ፈለፈልን፤ የቦዩ ታች ከአፉ ሰፋ ማለት አለበት። 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ለስላሳ የቆርቆሮ ሽቦ አስገብተን በማንኪያ ጀርባ ስንጫነው ወደ ጎን ተንጣሎ ተቆለፈ። በብረት ላይ ብር ሲከተትም ዘዴው ይኸው ነው፤ ልዩነቱ መሮና መዶሻ ነው። ደረቅ ጭቃ መዶሻ አይችልም።

የዚሁ መቃብር አጥንቶች ከመቶ ዓመት በላይ ጠፍተው ቆይተው፣ በሌላ መቃብር ስም በተጻፈበት ሣጥን ውስጥ መገኘታቸው እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ ሆኗል። ሙዚየም እንዲህ ከገጠመው፣ ከሌሎች ክበቦች ጋር በምንጋራው ቁልፍ አልባ ቁም ሣጥን ውስጥ የልጆቹ ሥራ ቢጠፋ ምን ይገርማል? ጠፍቷልም። ለሚቀጥለው ዓመት የሚቆለፍ ቁም ሣጥን፣ ጭቃና ሽቦ ያስፈልገናል፤ ለመርዳት የምትፈልጉ ለትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤት አሳውቁ።