የዳነው የማን ድድ ነው?

ክቡር አዘጋጅ፣

የምሠራው ከቴዎድሮስ አደባባይ ወረድ ብሎ ባለ አንድ ፋርማሲ ውስጥ ነው። እዚያ ባንኮኒ ጀርባ መቆም ከጀመርኩ ስምንት ዓመት ሆነኝ። በእኛ ሰፈር ጥርሱን ያመመው ሰው መጀመሪያ የሚመጣው ወደ ፋርማሲ ነው። ሐኪም ዘንድ የሚሄደው እንቅልፍ ሲያጣ ነው።

ባለፈው ወር አንድ የታክሲ ሹፌር መጣ። የእናቱን የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስደው ከእኛ ስለሆነ እንተዋወቃለን። ግራ ጉንጩ አብጧል። "እስቲ አፍህን ክፈት" አልኩት። ከታችኛው መንጋጋ ጥርሱ ሥር ድዱ እንደ ወተት ስልባቦት ነጭ ሆኖ ተልጧል። ዙሪያው ደም መስሏል። ገና የስልኬን መብራት ሳስጠጋ ራሱን ወደ ኋላ ሸሸ።

"ምን አደረግክበት?"

"ነጭ ሽንኩርት ወቅጬ ነው ዶክተርዬ። ሦስት ሌሊት ይዤው አደርኩ።"

ማን እንደመከረው ስጠይቀው ስልኩን አውጥቶ አንድ ዜና አሳየኝ። ርዕሱ ነጭ ሽንኩርት የድድ በሽታን እንደሚፈውስ በጥናት ተረጋገጠ ይላል። እዚያው ቆሜ እስከ ታች አነበብኩት። መጨረሻው አካባቢ "በአይጦች ላይ በተደረገ ሙከራ" የምትል አንዲት ሐረግ ተቀምጣለች። እሱ እዚያ ድረስ አልደረሰም። ጥርሱን እያመመው በሌሊት የሚያነብ ሰው እዚያ ድረስ አይደርስም።

በዚያው ቀን ወደ ጥርስ ሐኪም ላክሁት። የጥርሱ ሥር መግል ቋጥሮ ነበር። ሽንኩርቱ ከላይ ድዱን አቃጠለው እንጂ ሥሩ ጋ አልደረሰም። ያ ሦስት ሌሊት ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። ከታችኛው መንጋጋ ጥርስ የሚነሳ መግል ወደ ምላስ ሥርና ወደ አንገት ሊወርድ ይችላል። አንገት ሲያብጥ ትንፋሽ ይዘጋል፤ ሰው ይሞታል።

ክቡር አዘጋጅ፣ እናንተም ጋ እንዲህ ያሉ ዜናዎች ይወጣሉ። ማር፣ እርድ፣ አረንጓዴ ሻይ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ሁሉም በተራቸው ድድ ሲያድኑ አንብቤያለሁ። ጥናቶቹ ውሸት ናቸው ማለቴ አይደለም። ግን የዳነው የማን ድድ እንደሆነ ርዕሱ ላይ አይነገረንም።

ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ፤ ነገሩ ያለው እዚያ ላይ ነውና። የድድ በሽታ መድኃኒት አይጥ ላይ ሲሞከር መጀመሪያ በሽታውን መፍጠር ያስፈልጋል። አይጧ ማደንዘዣ ተሰጥቷት በጀርባዋ ትተኛለች። አፏ ተከፍቶ ይያዛል። ከዚያ ቀጭን የሐር ክር በላይኛው ሁለተኛ መንጋጋ ጥርሷ አንገት ዙሪያ ይታሰራል። ጥርሱ ከጤፍ ፍሬ ብዙም የማይበልጥ ስለሆነ ክሩን ማሰር ራሱ እጅ ይፈልጋል። ክሩ ቆሻሻና ጀርም ይሰበስባል። ድዱ ይቆጣል። በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ጥርሱን የያዘው አጥንት መበላት ይጀምራል። መጨረሻ ላይ ከጥርሱ አንገት እስከ አጥንቱ ጫፍ ያለው ርቀት ይለካል። መድኃኒት ያገኙትና ያላገኙት ይነጻጸራሉ። ልዩነቱ የሚሊሜትር ክፍልፋይ ነው።

ይህ ጥሩ ዘዴ ነው። ግን የሰው ድድ በሽታ በሁለት ሳምንት አይመጣም። ዓመታት ይፈጃል። እነዚያ አይጦች ዘራቸው አንድ፣ ዕድሜያቸው አንድ፣ ምግባቸው አንድ ነው። ሲጋራ የሚያጨስ፣ ስኳር በሽታ ያለበት የለባቸውም። አፋቸውም እንደኛ አይደለም። አይጥ ያላት 16 ጥርስ ብቻ ነው። ክራንቻ የላትም። አራቱ የፊት ጥርሶቿ ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ ያድጋሉ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ አንድ ነገር አለ። በብዙዎቹ እንዲህ ባሉ ሙከራዎች መድኃኒቱ የሚጀመረው ክሩ በታሰረበት ቀን ወይም ከዚያም ቀድሞ ነው። ይህ መከላከል እንጂ ማዳን አይደለም። አጥንቱ ከተበላ በኋላ መድኃኒት ጀምሮ የሄደ አጥንት መለሰ ማለት ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው። ዜናው ላይ ግን ሁለቱም "ፈወሰ" ተብለው ይወጣሉ። ሹፌሩ የፈለገው ደግሞ ሁለተኛውን ነበር።

የመጠኑም ነገር አለ። ተማሪ ሳለሁ ለመመረቂያ ሥራዬ የአንድ ቅጠል ጭማቂ መርዛማ መሆን አለመሆኑን በነጭ አይጦች ላይ ፈትሻለሁ። ቅጠሉ ደርቆ፣ ተፈጭቶ፣ በአልኮል ተነክሮ፣ ተጣርቶ፣ አልኮሉ ተንኖ፣ የቀረው ዝፍት የመሰለ ነገር በሚዛን ይለካል። ከዚያ በቀጭን ቱቦ በቀጥታ ወደ ሆድ ይገባል። አይጧን በአንገቷ ቆዳ ይዤ፣ ልቧ መዳፌ ላይ ሲመታ ይሰማኝ ነበር። ያን ጊዜ የሰጠነው በእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት 2000 ሚሊግራም ነበር። ያ ነገር በጀበና ከሚፈላው ቅጠል ጋር አንድ አይደለም። የአይጥን መጠን በሰው ኪሎ አባዝቶ መስጠትም አይቻልም። የትንሽ እንስሳ ሰውነት መድኃኒትን ቶሎ ይጨርሳል። ስለዚህ ለመነሻ ያህል የትልቁ አይጥ መጠን ለ6፣ የትንሹ ለ12 ገደማ ይካፈላል። ይህ እንኳን በሰው ላይ በጥንቃቄ ከሚሞከርበት ቦታ ያደርሳል እንጂ ማዘዣ አይሆንም።

እንስሳት ላይ የሚደረገውን ምርምር የማጣጥል እንዳይመስላችሁ። የጥርስ መቦርቦርን ምክንያት ያወቅነው በእነሱ ነው። በ1954 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ያለ ምንም ጀርም ያደጉ አይጦች ስኳር የበዛበት ምግብ ተሰጥቷቸው ጥርሳቸው ሳይበላ ቀረ። በ1960 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፊትዝጄራልድና ኪይስ የተባሉ ተመራማሪዎች ሐምስተር በሚባሉ አይጥ መሰል እንስሳት ላይ በሽታው ከአንዱ ወደ ሌላው እንደሚተላለፍ አሳዩ። ስኳሩ ብቻውን ጥርስ አይበላም፤ ጀርሙም ብቻውን አይበላም። ዛሬ እናት ልጇን "ከረሜላ በልተህ ሳትቦርሽ አትተኛ" ስትል የእነዚያ እንስሳት ውለታ አለበት። ለዚህም ነው አንድ ሙከራ በማይረባ መንገድ ሲሠራ ወይም በተሳሳተ ርዕስ ሲወራ የሚያንገበግበኝ። የእንስሳቱ ስቃይ በከንቱ ይሆናል።

የባህል መድኃኒት ጠላትም አይደለሁም። ጊዮርጊስ በር ላይ ከሚሸጡት ልጆች የወይራ መፋቂያ ሁሌ እገዛለሁ። መፋቂያ አይጥ አላስፈለገውም። በሰዎች ላይ ተጠንቷል፤ በደንብ ከተፋቁበት ቆሻሻ ያነሳል። የዓለም ጤና ድርጅትም ሰዎች እንዲጠቀሙበት አበረታቷል። ቅርንፉድንም ውሰዱ። ዩጂኖል የሚባለው ንጥረ ነገሩ ሕመም ያደነዝዛል፤ የጥርስ ሐኪሞች ለጊዜያዊ መሙያ ከዚንክ ኦክሳይድ ጋር ቀላቅለው ይጠቀሙበታል። ግን ያልቀጠነ የቅርንፉድ ዘይት ድድ ላይ ሲፈስ ያቃጥላል። ከዛፍ መገኘቱ ብቻውን ደኅና አያደርገውም።

እንዶድ ደግሞ የራሳችን ታሪክ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አየ። ቀንድ አውጣዎቹ የቢልሃርዝያ አስተላላፊዎች ናቸው። ያ ዕይታ ብቻውን አልበቃም። እንዶድ ለሰውና ለሌላ እንስሳ ጉዳት ይኑረው አይኑረው በፍተሻ ማወቅ ነበረበት፤ ያም ብዙ ዓመት ወሰደ። ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አገኙ። እናቶች የሚያውቁት ነገር እውነት ሆኖ ተገኘ፤ ግን መንገዱን ሁሉ ሄዶ ነው። ለድድ የምንጠቀምባቸው ቅጠሎችም ይህ መንገድ ይገባቸዋል።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። ፊት ለፊታችን ካለው ግቢ የሚመጡ አንዲት እናት አሉ። ሲስቁ አፋቸውን በነጠላ ይሸፍናሉ፤ የፊት ጥርሶቻቸው የሉም። አንድ ቀን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ልጄ፣ ጥርስ የሚያበቅለው መድኃኒት እናንተ ጋ ገባ ወይ?" አሉኝ። የልጅ ልጃቸው ከስልኩ አንብቦላቸው ነው። የዜናው መነሻ እውነት ነው። የጃፓን ተመራማሪዎች የጥርስን ዕድገት የሚገታ ዩሳግ 1 የተባለ ፕሮቲንን የሚያግድ መድኃኒት በአይጥና ፌሬት በሚባል እንስሳ ላይ ሞክረው ጥርስ አበቀሉ፤ ውጤቱን በ2021 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። በ2024 እ.ኤ.አ. ኪዮቶ ውስጥ በሰው ላይ መሞከር ተጀመረ። ግን ያ የመጀመሪያው ደረጃ ነው፤ ጥያቄውም "ጉዳት ያመጣል ወይ?" የሚለው ነው። የተሞከረባቸውም ከ30 እስከ 64 ዓመት የሆናቸው ጤነኛ ወንዶች ናቸው። ይህን ሁሉ ለእማማ ማስረዳት ነበረብኝ። ነጠላቸውን አስተካክለው "እሺ፣ እግዚአብሔር ያውቃል" ብለው ወጡ። ቀኑን ሙሉ ከበደኝ።

ስለዚህ የምለምናችሁ ይህን ነው። "በአይጥ ላይ" የሚለውን ቃል ርዕሱ ላይ አውጡት። ቦታ አይፈጅም። መድኃኒቱ የተሰጠው በሽታው ከመምጣቱ በፊት ይሁን በኋላ፣ የተቀባ ይሁን የተዋጠ፣ ከምን ጋር እንደተነጻጸረ ጻፉ። እንስሳቱ በዕጣ መመደባቸውን፣ የለካው ሰው የትኛው እንስሳ መድኃኒቱን እንዳገኘ አለማወቁንም ጠይቁ። ስድስት ኪሎና ጥቁር አንበሳ አካባቢ ይህን ሥራ የሚያውቁ ሰዎች አሉ። ከናንተ ቢሮ ስልክ ቢደወልላቸው የሚመልሱ ይመስለኛል። እነሱም ራሳቸው በአማርኛ ቢጽፉ ምንኛ ደስ ባለኝ።

እንዲህ ያለ ዜና ሥር ደግሞ ሁሌ ሁለት መስመር ቢጨመር እወዳለሁ። ጥርስ ሲያም በለብታ ውኃና ጨው መጉመጥመጥ ይቻላል። የሕመም ማስታገሻ ይዋጣል እንጂ ድድ ላይ አይለጠፍም፤ አስፕሪንም እንደ ሽንኩርቱ ያቃጥላል። ጉንጭ ካበጠ፣ ትኩሳት ካለ፣ አፍ አልከፈት ወይም ምራቅ አልዋጥ ካለ ያንኑ ቀን ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው።

ሹፌሩ ጥርሱ ተነቅሎ ድኗል። በሳምንቱ የእናቱን መድኃኒት ሊወስድ መጥቶ ድዱን አሳየኝ፤ ነጩ ቦታ ወርዶ ሮዝ ሆኗል። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ከመውጣቱ በፊት የሚያነብላችሁ ሰው ካስፈለጋችሁ እኔ ፈቃደኛ ነኝ። ከሰዓት በኋላ ሁሌ ባንኮኒው ላይ አለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የፋርማሲ ባለሙያ
ከቴዎድሮስ አደባባይ አካባቢ፣ አዲስ አበባ