ስለ ኦቲዝምና ዲስሌክሲያ ለቤተሰብ ቀድሞ የሚደርስ ቃል ይኑር፦ ለትምህርት ሚኒስቴርና ለጤና ሚኒስቴር የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ትምህርት ሚኒስቴር
ለኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ጤና ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ክቡራን የሥራ ኃላፊዎች፣

የአዲስ አበባ ነዋሪና ኦቲዝም ያለበት የ11 ዓመት ልጅ እናት ነኝ። በቤተሰባችን ውስጥ በቅጡ ማንበብ ሳይችል ከትምህርት ቤት የወጣ ሰውም አለ፤ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ነው። ስለ ሁለቱም አንድ ላይ የምጽፍላችሁ ችግራቸው አንድ ነው ብዬ አይደለም። ኦቲዝም አንድ ሰው ከሌሎች ጋር የሚግባባበትን፣ ድምፅን፣ ብርሃንንና ለውጥን የሚቀበልበትን መንገድ የሚመለከት የአእምሮ እድገት ልዩነት ሲሆን፣ ዲስሌክሲያ ደግሞ የማሰብ ችሎታው ያልተጓደለ ሰው ድምፅን ከፊደል አዛምዶ ለማንበብና ለመጻፍ የሚቸገርበት ሁኔታ ነው። የሚያመሳስላቸው ሁለቱም በመልክ የማይታወቁ መሆናቸው ነው። ዐይነ ስውር የሆነን ልጅ "ማየት አልፈልግም ብሎ ነው" የሚል ዘመድ የለም፤ የማይናገረውንና የማያነበውን ልጅ ግን ቤተሰብ እንደመሰለው ይተረጉመዋል፤ ትርጓሜውም ብዙ ጊዜ ልጁን ወይም እናቱን ጥፋተኛ ያደርጋል።

ልጄ ሁለት ዓመት ሞልቶት አፉን ሳይፈታ ሲቀር፣ እስከ ዛሬ ልጁን በማሳደግ ያልተለዩኝ የምወዳቸው አማቴ "ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው፤ አባቱም እንዲሁ ነበር" አሉኝ። አንዲት ጎረቤት ምላሱ ታስሮ ስለሆነ ይቆረጥለት አለች። ቴሌቪዥን አብዝተን ስላሳየነው ነው ያለም፣ የሰው ዐይን በልቶት ነው ያለም ነበር። ከዚያ ለእኔ ለብቻዬ የተተወው ጥያቄ መጣ፦ "እርጉዝ ሳለሽ ምን ሆነሽ ነበር?" ይህን የጠየቁኝ ሁሉ የሚወዱን ሰዎች ነበሩ። ጸበል ወስደነዋል፤ በዚህ አልጸጸትም፤ ለእኔም የጽናት ምንጭ ሆኖኛል። የማዝነው ወደ ጸበሉ ስንመላለስ ሐኪም ዘንድም መሄድ እንደምንችልና ሁለቱ እንደማይጣሉ የሚነግረን ሰው በማጣታችን ሁለት ዓመት ማለፉ ነው። ልጁ አራት ዓመት ሲሞላው "ኦቲዝም" የሚለውን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ ከሐኪም ሰማሁ፤ የዚያን ዕለት ካዘንኩት ይልቅ የተገላገልኩት ይበልጣል።

እናትን መውቀስ የእኛ አገር ስህተት ብቻ እንዳልሆነ በኋላ ተረድቻለሁ። በአሜሪካና በአውሮፓም እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ኦቲዝም የሚመጣው ለልጇ ፍቅር ከነፈገች እናት ነው ብለው የሚያስተምሩ ምሁራን ነበሩ፤ ሐሳቡን የሻረው ጥናት ነው። ዛሬ ሳይንሱ የሚለው ዘር ትልቁን ድርሻ እንደሚይዝና አስተዳደግ ኦቲዝምን እንደማያመጣ ነው። በእኛ ቤት ግን "ዘር" የሚለው ቃል ራሱ ሌላ መዘዝ አለው። ከእናት ወገን ነው ወይስ ከአባት የሚል ሙግት ተነሥቶ የፈረሰ ትዳር አውቃለሁ፤ የእህቶቹ ትዳር እንዳይሰናከል ተብሎም እንግዳ በመጣ ቁጥር ጓዳ እንዲገባ የሚደረግ ልጅ አውቃለሁ።

ለጤና ሚኒስቴር የማቀርበው ጥያቄ ቀላልና ወጪው አነስተኛ ነው። ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት በ15 ወር ይሰጣል። የኦቲዝም ምልክቶች ለወላጅ ዐይን መታየት የሚጀምሩት አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ዕድሜ አካባቢ ስለሆነ፣ "ክትባት ከተከተበ በኋላ ነው የተለወጠው" የሚል ወሬ እኛም ሰፈር ደርሷል፤ ወሬው መነሻ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1998 እንግሊዝ አገር የታተመ ጽሑፍ ግን በ2010 በአሳታሚው መጽሔት ተሽሯል፤ በኋላ የተደረጉ ሰፋፊ ጥናቶችም በክትባትና በኦቲዝም መካከል ግንኙነት አላገኙም። እንግዲህ ወላጅ ልጁን ይዞ በእግሩ በሚመጣበት በዚያው ዕለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሦስት ነገር ትጠይቅልን፦ ስሙ ሲጠራ ዞር ይላል? የሚፈልገውን ነገር በጣቱ ያሳያል? እናቱ "ያንን እይ" ስትለው ወደምታሳየው ይመለከታል? እነዚህ ጥያቄዎች ብቻቸውን ምርመራ አይሆኑም፤ ነገር ግን ልጁ ወዴት መላክ እንዳለበት ለሠራተኛዋ በግልጽ ከተነገራት፣ እኔ በግምት ያሳለፍኩትን ሁለት ዓመት ሌላዋ እናት አታሳልፈውም። ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት የነበሩት ወ/ሮ ዘሚ የኑስ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አዲስ አበባ ላይ ሲከፍቱ ስለ ጉዳዩ በአደባባይ የሚናገር ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል፤ እሳቸው በእናትነታቸው የጀመሩትን ሥራ መንግሥት በጤና ኬላዎቹ በኩል ሊያሰፋው ይገባል።

ስለ ዲስሌክሲያ ረዘም አድርጌ እንድጽፍ ይፈቀድልኝ፤ ኦቲዝም ቢያንስ ስሙ በሬዲዮ ይሰማል፤ ይህኛው ግን በቤታችን "ስንፍና" ከሚለው በቀር ስም የለውም።

የባለቤቴ ወንድም ልጅ ሳለ ፊደል ገበታውን ከሀ እስከ ፐ በዜማ ሳይሳሳት ይወርደው ነበር። በመካከሉ ጣት ተጭኖበት "ይህ ማን ይባላል?" ሲባል ግን ዝም ይላል። አባቱ "ሲፈልግ ይችላል፤ ሲሰንፍ ነው" ብለው ይገርፉት ነበር፤ እሳቸው ያዩት በእርግጥም የሚችል ልጅ ነበርና። ያወቀው ግን ዜማውን ነው፤ የፊደሉን መልክ አይደለም። ፊደላችን ከ200 በላይ ቅርጽ ያለው፣ ለ ከሉ፣ ሉ ከሊ በትንሽ ቅጥያ የሚለይበት፣ ሀና ሐ፣ ሰና ሠ በድምፅ የማይለዩበት፣ "አለ" ላልቶና ጠብቆ ሲነበብ ትርጉሙ የሚለወጥበት ነው፤ ለማንም ልጅ ጊዜ ይፈልጋል፣ ዲስሌክሲያ ላለበት ግን የተለየ ማስተማሪያ መንገድ ይፈልጋል። የቄስ ትምህርት ቤት የኔታዎች ይህን በከፊል ያውቁት እንደነበር አስባለሁ፤ ልጅ ሀሁን ከጨረሰ በኋላ ተራው የተዛወረውን "አ ቡ ጊ ዳ" ያስቀጥሉታልና፣ ፊደሉን በመልኩ ያልለየ ልጅ እዚያ ላይ ይታወቃል።

የባለቤቴ ወንድም አራተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ደግሞ ትምህርቱን ተወ። ዛሬ የራሱ ጋራዥ አለው፤ የሞተርን ሕመም በድምፁ ብቻ ይለያል፤ ደረሰኝ የምትጽፍለት ግን ሴት ልጁ ናት። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያስገደደኝም የእሷ ታናሽ ወንድም፣ አንደኛ ክፍል ያለው ልጁ፣ ልክ እንደ አባቱ ሀሁን በዜማ እየወረደ ፊደል መለየት አለመቻሉ ነው። ዲስሌክሲያ በዘር የመተላለፍ ዝንባሌ አለው። አባትየው ግን የራሱን ሕይወት አስታውሶ ለልጁ ከመራራት ይልቅ "እኔ ዱላ ስላነሰኝ ነው ያልተማርኩት" ይላል፤ ቀበቶውም ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ይህን ሰው ክፉ ነው ልለው አልችልም፤ የተነገረውን አምኖ ነው ያደገው።

ከ100 ሰዎች ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት ዲስሌክሲያ እንዳለባቸው ይገመታል። 60 ተማሪ ባለበት ክፍል ከሦስት እስከ ስድስት ልጆች ማለት ነው፤ ሰርተፊኬታቸው ላይ የሚጻፈው ግን ደረጃቸውና "ጥረት ያድርግ" የሚል ቃል ብቻ ነው። ወላጅ ያንን ሲያነብ ወደ ዱላ ቢሄድ ያስደንቃል?

ስለዚህ ትምህርት ሚኒስቴር የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል መምህራን እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው፣ ፊደሉን ከተራው አውጥተው የሚያስነብቡበት አጭር ምዘና በየወሰነ ትምህርቱ እንዲኖር፣ የተቸገረ ልጅ ክፍል እንዲደግም ከመወሰኑ አስቀድሞ ወላጆቹ ተጠርተው ነገሩ ስንፍና እንዳልሆነና ቤት ውስጥ ምን ማድረግ እንደሚችሉ በሚገባቸው ቋንቋ እንዲነገራቸው መመሪያ እንዲያወጣ እጠይቃለሁ። አገራችን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ስታጸድቅ እነዚህ ልጆች ከእኩዮቻቸው ጋር የመማር መብት እንዳላቸው ተቀብላለች፤ መብቱ ግን አባት ለልጁ ቀበቶ በሚያወርድበት ቤት ውስጥ ገና አልተሰማም።

የባለቤቴን ወንድም የልጁ መምህርት ዘንድ ሄዶ እንዲያነጋግራት ለምኜው እሺ ብሎኛል። እሷ ስለ ልጁ ምን እንደምትለው ከእናንተ የደረሳት ነገር እንዲኖር እለምናለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አንዲት እናት፣ አዲስ አበባ