ስለ ሁለቱ ታካሚዎች ለጠየቅሽኝ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

በአንድ ክፍል ጎን ለጎን ከተኙ ሁለት ታካሚዎች የአንዱ የሽንት ካልቸር (ባክቴሪያን አሳድጎ የሚለይ ምርመራ) ክሌብሴላ፣ የሌላው ደግሞ ኢ. ኮላይ ማሳየቱን፣ ሁለቱም ባክቴሪያዎች ግን ካርባፔነምን (ሌሎች አንቲባዮቲኮች ሳይሠሩ ሲቀሩ የሚሰጡትን ጠንካራ መድኃኒቶች) ጨምሮ አንድ ዓይነት መድኃኒቶችን መላመዳቸውን ጽፈሽልኛል። ዝርያቸው ስለተለያየ «ግንኙነት የላቸውም» መባሉ እንዳልተዋጠልሽም ነግረሽኛል። ለእኔም አልተዋጠልኝም፤ በላቦራቶሪ ባሳለፍኳቸው ዓመታት ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ ይኸው ጉዳይ ነውና ረዘም አድርጌ እመልስልሻለሁ።

መድኃኒት የመቋቋሚያው ጂን በክሮሞዞም፣ ማለትም በባክቴሪያው ዋና ዲኤንኤ ላይ ብቻ ቢቀመጥ ኖሮ ባክቴሪያው በአብዛኛው ለገዛ ዘሩ ብቻ ባወረሰው ነበር። በፕላዝሚድ፣ ማለትም ከክሮሞዞሙ ተለይቶ ራሱን በሚያባዛው የዲኤንኤ ቀለበት ላይ ሲሆን ግን ባክቴሪያው ፒለስ በሚባል ቀጭን ዘንግ ጎረቤቱን ይዞ ያስጠጋና ከቀለበቱ ሁለት ክሮች አንዱን ያሻግርለታል፤ የጎደለው ክር በሁለቱም ዘንድ እንደገና ስለሚሠራ ሰጪው አንዳች አይጎድልበትም፣ ተቀባዩም በተራው ሰጪ ይሆናል። ጎረቤቱ የግድ የዝርያው አባል መሆን አይጠበቅበትም።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። በጃፓን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሰልፎናማይድን፣ ስትሬፕቶማይሲንን፣ ቴትራሳይክሊንንና ክሎራምፌኒኮልን በአንድ ላይ የሚቋቋም ሺጌላ (ተቅማጥ አምጪ ባክቴሪያ) በተስፋፋ ጊዜ፣ አራት ለውጦች በየተራ ተከስተው በአንድ ባክቴሪያ ላይ ይገጣጠማሉ ብሎ ማመን አስቸጋሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1959 የአገሪቱ ተመራማሪዎች ይህ ችሎታ በሺጌላና በኢ. ኮላይ መካከል እንዳለ በጥቅሉ እንደሚተላለፍ አሳዩ።

ለአንቺ ጥያቄ ይበልጥ የሚቀርበው ግን እ.ኤ.አ. በ2008 በስዊድን የተገኘው ነው። ቀደም ሲል ሕንድ ውስጥ ሆስፒታል ተኝቶ ከነበረ ታካሚ ሽንት ክሌብሴላ፣ ከሰገራው ደግሞ ኢ. ኮላይ ተለየ፤ ኋላ ኤንዲኤም-1 የተባለው፣ ካርባፔነምን የሚያፈርስ ኢንዛይም የሚሠራው ጂን በሁለቱም ውስጥ ተገኘ። ልብ በይ፦ በክሌብሴላው ጂኑን የተሸከመው ፕላዝሚድ 180 ኪሎቤዝ (አንዱ ኪሎቤዝ አንድ ሺህ የዲኤንኤ ፊደላት ነው) ገደማ ሲሆን የኢ. ኮላዩ 140 ገደማ ነበር። ጂኑ ከፕላዝሚድ ወደ ፕላዝሚድ ይዘላል፣ ፕላዝሚዱም ራሱ እየተቆረጠና እየተቀጠለ ይለዋወጣል፤ ስለዚህ የመጠን ልዩነት ብቻውን ዝምድናን አያፈርስም።

ሌላም አለ። በአንድ ቀለበት ላይ የብዙ መድኃኒቶች መቋቋሚያ ጂኖች አብረው ስለሚጓዙ፣ «ለማንኛውም ይሰጠው» ተብሎ የሚታዘዝ አንድ አንቲባዮቲክ የሌሎቹን መድኃኒቶች መቋቋሚያ ጂኖች ሁሉ አብሮ ያቆያል። ይህን ልማድ ከልቤ እቃወመዋለሁ።

እንግዲህ ሁለቱም ናሙናዎች ሳይጣሉ በጥልቅ ቅዝቃዜ እንዲቀመጡ ዛሬውኑ ጠይቂ። ዲኤንኤውን በአጫጭር ቁራጮች የሚያነብ መሣሪያ ፕላዝሚዱን ሙሉ አድርጎ ለመገጣጠም ስለሚቸገር፣ በረጃጅሙ የሚያነበው ቢገኝ ይመረጣል። ከክፍሉ የእጅ መታጠቢያ ፍሳሽ ቱቦም ናሙና ይወሰድ፤ በዚያ በሚጋገረው ዝቃጭ ውስጥ ልዩ ልዩ ዝርያዎች ተጠጋግተው ለረጅም ጊዜ ይኖራሉ። ውጤቱ እስኪመጣ ድረስ ሁለቱም ታካሚዎች የንክኪ ጥንቃቄ (እንደ ጓንትና ጋውን መልበስ ያለ) እንዲደረግላቸው አሳስቢ።

እናትሽ