ስለ ክሊኮ ቤት፦ የአተላው ጉዳይና የተረሱት ማሳዎች

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

ቨቭ ክሊኮ ስለተባለው የፈረንሳይ ሻምፓኝ (የሚያረፋ ወይን ጠጅ) አምራች ቤት ያወጣችሁት ጽሑፍ ወይዘሮ ክሊኮን የሻምፓኝ አረፋ ፈጣሪ አድርጎ አቅርቧቸዋል። ይህ መታረም አለበት፤ እኚህ ሴት በእርግጥ የሠሩትን ትልቅ ሥራ ይሸፍናልና። (ዓመታቱን የምጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

አረፋው ቀድሞም ይታወቅ ነበር። እንግሊዛዊው ክሪስቶፈር ሜረት ወይን ጠጅ ስኳር ሲጨመርበት እንደሚያረፋ በ1662 ጽፏል። ቤቱንም ቢሆን በሬምስ ከተማ በ1772 ያቋቋሙት ፊሊፕ ክሊኮ ናቸው። ወይዘሮ ክሊኮ (ባርብ ኒኮል ፖንሳርዳን) በ1805 ባላቸው ሞተው፣ ገና በ27 ዓመታቸው ሥራውን ሲረከቡ ያስቸግር የነበረው አተላው ነው።

ሻምፓኝ ሁለተኛ ጊዜ የሚፈላው ጠርሙስ ውስጥ ነው። ለአንድ ሊትር 24 ግራም ገደማ ስኳርና እርሾ ገብቶበት ይታሸጋል። ሲፈላ የሚፈጠረው ጋዝ መውጫ ስለሚያጣ ወይኑ ውስጥ ይሟሟል፤ ግፊቱም 6 አትሞስፌር (የተለመደው የአየር ግፊት 6 እጥፍ) ያህል ይደርሳል። እርሾው ግን ሞቶ አተላ ሆኖ እዚያው ይዘቅጣል። ቀድሞ ወይኑን ወደ ሌላ ጠርሙስ ይገለብጡት ስለነበር ጋዙም ወይኑም ይባክን ነበር።

በ1816 የክሊኮ ቤት ቀዳዳ የበዛበት ጠረጴዛ አወጣ። ጠርሙሶቹ አንገታቸውን ወደ ታች አድርገው ቀዳዳው ውስጥ ይሰካሉ፤ ከዚያ እያንዳንዱ በእጅ ወዝወዝ እየተደረገ በጥቂቱ ይዞራል፣ ደረጃ በደረጃም ይበልጥ ይዘቀዘቃል። ዛሬም በእጅ የሚሠራው ሳምንታት ይፈጃል። እዚህ ላይ ችኮላ ያበላሻል። አተላው ሁለት ዓይነት ነው፤ ከባዱ በቀላሉ ይንሸራተታል፣ ስሱና የሚያጣብቀው ግን ጠርሙሱ ላይ ይለጠፋል። ከባዱ ስሱን እየገፋ መውረድ አለበት። ጠርሙሱ ያለጊዜው ከተዘቀዘቀ ከባዱ ብቻውን ይወርድና ስሱ እንደ ጉም ተለጥፎ ይቀራል። አተላው አንገቱ ላይ በደንብ ከተጠራቀመ ግን፣ ጠርሙሱ ሲከፈት ግፊቱ ራሱ ያስፈነጥረዋል።

ወይዘሮ ክሊኮ የጠርሙስ መፈንዳትን አስቀሩ ተብሎ በጽሑፉ የቀረበውም ልክ አይደለም። ጠርሙስ የሚፈነዳው ስኳሩ በግምት ስለሚጨመር፣ ከመጀመሪያው ፍላት የተረፈውም ስለማይለካ ነበር። በሊትር 4 ግራም ስኳር አንድ አትሞስፌር ያህል ግፊት ስለሚፈጥር፣ ያልተቆጠረ 8 ግራም ብቻ የዚያን ዘመን ጠርሙስ ለመስበር ይበቃ ነበር። ቀሪውን ስኳር የመለኪያ ዘዴ በ1836 ያቀረበው የሻሎን ከተማው መድኃኒት ቀማሚ ዣን ባቲስት ፍራንስዋ ነው።

የቤቱ የወይን ማሳዎች በጽሑፉ ጨርሶ አለመነሳታቸው ደግሞ ይበልጥ ያሳዝናል። ቡዚ፣ ቬርዚና ቬርዝኔ ሦስቱም በሬምስ ተራራ ተዳፋት ላይ ያሉና ፒኖ ኗር በተባለው ጥቁር የወይን ፍሬ ዝርያ የታወቁ ናቸው፤ የወይኑ ባሕርይ ግን ይለያያል። ቡዚ ወደ ደቡብ ስለሚዞር ፀሐይ ይጠግባል፤ ፍሬው በደንብ ይበስላል፣ ለቀይ ወይንም ይሆናል። ቬርዝኔ በአብዛኛው ሰሜን ስለሚያይ ፍሬው ቀስ ብሎ ይበስላል፤ ኮምጣጣነቱንም ይዞ ይቆያል። ሙላቱ ከአንዱ፣ ትኩስነቱ ከሌላው ይገኛል። ቤቱ በ1818 የቡዚን ቀይ ወይን ከነጩ ጋር በማዋሃድ ሮዜ (ሐምራዊ ቀለም ያለው) ሻምፓኝ አወጣ። ከዚያ በፊት ቀለም ለመስጠት የሚያገለግለው የሌላ ተክል ፍሬ ጭማቂ ነበር። ቀይና ነጭ ቀላቅሎ ሮዜ መሥራት በሻምፓኝ አውራጃ ዛሬም የተፈቀደ ነው፤ ለዚህም ደህና የበሰለ የቀይ ወይን ማሳ ያለው ቤት ይጠቀማል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ