ሲሚንቶውን ለእኔ ተዉት

ክቡር አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት በጤና ዓምዳችሁ ስለ ሰው ሠራሽ የዳሌ መገጣጠሚያ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንዱ ዓይነት መገጣጠሚያ አጥንቱ ላይ «ሲሚንቶ» በሚባል ማጣበቂያ ይያዛል፤ ሌላው ያለ ሲሚንቶ ይገባል። ከጎኑ የሲሚንቶ ከረጢት ፎቶግራፍ መለጠፋችሁን እንደ ቀልድ አልፌዋለሁ። ያላለፍኩት አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፤ «ሲሚንቶ አልባው ዓይነት የሚይዘው ነገር ስለሌለ ከአሥር ዓመት በላይ አያገለግልም» የምትለዋ።

እኔ ግንበኛ ነኝ፤ ሲሚንቶ ሳቦካ ነው ጸጉሬ የሸበተው። ከ18 ዓመት በፊት ከእርብራብ ላይ ወድቄ የጭኔ አጥንት አንገቱ ላይ ተሰበረ። ወጌሻ አሸኝ፤ ወራት ተኝቼ ስነሣ የአጥንቱ ራስ ደም አጥቶ ሞቷል ተባልኩ። እህቴ ጅዳ ላይ በሰው ቤት ሠርታ ባጠራቀመችው ገንዘብ ህንድ አገር ሄጄ ያ «የሚይዘው ነገር የሌለው» መገጣጠሚያ ገባልኝ። ያኔ 39 ዓመቴ ነበር። በእናንተ ሒሳብ ዳሌዬ ከወለቀ ስምንት ዓመት ሆኖታል ማለት ነው። ይህን የነገረኝ ሰው ስላልነበረ እስከ ዛሬ ሳላውቅ ሥራ እገባለሁ።

ጸሐፊው አንድ ግንበኛ ቢጠይቅ ኖሮ የሚይዘው ምን እንደሆነ በነገረው ነበር። ለስላሳ ኮንክሪት ላይ ልስን ቢለጠፍ ይረግፋል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ግድግዳው በመዶሻና በመሮ ይወቀራል። ልስኑ የሚጨብጠው ጉድጓዶቹን ነው። የጭን አጥንት ውስጥ የሚገባው የመገጣጠሚያው የቲታኒየም ዘንግም ሆን ተብሎ ፊቱ ሸካራ፣ ባለ ጥቃቅን ቀዳዳ ሆኖ ይሠራል፤ አንዳንዱ ደግሞ የአጥንትን ማዕድን የሚመስል ሽፋን አለው። ሐኪሙ አጥንቱን በልኩ ሞርዶ ዘንጉን ጥብቅ አድርጎ መትቶ ያስገባዋል፤ በቀጣዮቹ ሳምንታትና ወራት አጥንቱ ራሱ እያደገ ይይዘዋል። በሕክምናው «ሲሚንቶ» የሚባለው እኛ የምናቦካው ሳይሆን የፕላስቲክ ዘር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ እንግሊዛዊው ሰር ጆን ቻርንሌይ ያስፋፋው ጥሩ ዘዴ ነውና አልነቅፈውም። ነገር ግን ሲሚንቶ የሌለበት ሁሉ ይወድቃል ከተባለ ላሊበላን ምን ልንለው ነው? «እሱማ ከአለት የተፈለፈለ እንጂ የተገነባ አይደለም» ትሉኝ ይሆናል። እኔስ ሌላ ምን አልኩ?

አሥር ዓመቷን ከየት እንዳመጣችኋትም አልገባኝም። ልጄ ነርስ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት አንብባልኛለች። ሲሚንቶ ያለውንም የሌለውንም አንድ ላይ የቆጠረ ነው። የተቀየሩ መገጣጠሚያዎችን በሚከታተሉት የአውስትራሊያና የፊንላንድ መዝገቦች መሠረት ከመቶ 58 ያህሉ መገጣጠሚያ 25 ዓመት ይቆያል ይላል። ስዊድን እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ ስትመዘግብ ኖራለች፤ ማላዊ እንኳ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ መዝገብ አላት። የእኔ ዳሌ መዝገብ ግን ሚስቴ በዳዊቷ ገጾች መካከል ያስቀመጠቻት፣ የዘንጉ ቁጥር ያለባት ተለጣፊ ወረቀት ናት። በ18 ዓመት ውስጥ «እንዴት ነህ?» ብሎ የደወለልኝ የለም፤ የእናንተም ጋዜጠኛ ባለሙያ ጠቅሶ ሲጽፍ ዳሌው የተቀየረለት አንድ ሰው እንኳ አላነጋገረም።

ሐቁን ልደብቅ አልፈልግም። እግሬ በአንድ ጣት ውፍረት አጥሯል፤ ጫማ ሰፊው ደንበኛዬ የግራውን ተረከዝ ከፍ ያደርግልኛል። በርጩማ ላይ ዝቅ ብዬ ቡና መጠጣት ከተውኩ ቆየሁ፤ ቤተ ክርስቲያንም ቆሜ እንጂ ሰግጄ አልጸልይም። ዘንድሮ ራጅ ስነሣ ሐኪሙ በጽዋው፣ ማለትም የመገጣጠሚያው ኳስ በሚዞርበት ጎድጓዳ ክፍል፣ ውስጥ ያለው ፕላስቲክ መሳሳቱን አሳየኝ። ከዚያ የሚረግፈው ብናኝ ከጊዜ በኋላ አጥንት እንደሚበላም አስጠንቅቆኛል። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ የመጣው የተሻሻለ ፕላስቲክ ብዙ ይታገሳል አሉ፤ ለእኔ የገባው ግን የቀድሞው ዓይነት ነው። ዘንጉ ግን ንቅንቅ አላለም፤ መቀየር ካስፈለገ ፕላስቲኩ ብቻ ሊቀየር ይችላል። የጽሑፋችሁ ትልቁ ጥፋት እዚህ ላይ ነው፤ የሚያልቀውንና የሚጸናውን አንድ ላይ ደባልቃችሁ «አያገለግልም» አላችሁ።

አንድ ነገር ላይ እስማማለሁ። አጥንታቸው ለሳሳ አረጋውያን ሲሚንቶው ይሻላል፤ ዘንጉ እየተመታ ሲገባም ሆነ ከገባ በኋላ አጥንቱ ሊሰነጠቅ ይችላልና። የየአገሩ መዝገብም ይህንኑ ያሳያል። ይህችን ዕድሜ ጨምራችሁ ብትጽፉ ኖሮ እኔም እጄን አላነሣም ነበር።

አብሮኝ የሚሠራ የ32 ዓመት ቀለም ቀቢ አለ። እንደ እኔው የአጥንቱ ራስ ሞቶበት በክራንች ይሄዳል፤ ለቀዶ ሕክምናው ዘመድ ወዳጅ ገንዘብ ሲያዋጣለት ነበር። ጋዜጣችሁን ይዞልኝ መጣና «ጋሼ፣ ለአሥር ዓመት ብዬ ይህን ሁሉ ሰው ከማስቸግር ይቅርብኝ» አለኝ። ቀጠሮውን ሰርዟል። እንዲመልሰው እየለመንኩት ነው፤ እሱ ግን የታተመ ነገር ያምናል።

ስለዚህ እርማቱ ጽሑፉ በወጣበት ገጽ፣ በዚያው መጠን ይውጣልን። ጋዜጠኛው ሊያነጋግረኝ ከፈለገ ኮተቤ በሚገኘው ሳይት ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ አለሁ። አራተኛ ፎቅ ላይ ነኝ፤ ሊፍቱ ገና አልተገጠመም።

አንድ የግንባታ ፎርማን
ከአዲስ አበባ