መንገዱን ለዘጉብን፣ በሌሊት ላሻገሩን

ይድረስ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ አብረውን ለነበሩት የፓርኩ ጠባቂ (ስካውት) ጋሼ፣ ለበቅሎ ነጂው ወንድማችን፣ ግጭ ካምፕ እሳት አንድደው አብረውን ላመሹት ሁሉ፣ ደባርቅ ለተቀበሉን ሐኪሞችና ነርሶች።

ወንድሜ ድኗል። ሰኞ ሥራ ገብቷል። ከሁሉ በፊት ይህን እንድትሰሙ ፈለግሁ።

ጋሼ፣ ለእርስዎ ምስጋናዬ ይቅርታ ከመጠየቅ ይጀምራል። የመጀመሪያው ቀን «ዝቅ ባለው ካምፕ፣ ሳንቃበር እደሩ፣ ሰውነታችሁ ይልመድ» ብለውን ነበር። እኛ ግን የዕረፍት ቀናችን አጭር ስለነበር፣ ደግሞም አዲስ አበባ ያደገ ሰው ከፍታ የሚጎዳው ስላልመሰለን፣ ጠዋት ጎንደር በአውሮፕላን ወርደን ማታውኑ 3,600 ሜትር ላይ ግጭ ገባን። ጥፋቱ የእኛ ነው።

በማግስቱ ወደ እሜት ጎጎ ጫፍ ስንሄድ ጉሙ ከቆላው ተነሥቶ ገደሉን ዋጠው። መንገዱ ላይ ድንጋይ ተደርድሮ የአስታ ቅርንጫፍ ተጋድሞበት አገኘነው። ጓሳው ለምለም ነው፣ መሬቱም ደልዳላ ይመስላል፤ እርስዎ በዱላዎ ጠርዙን ሲወጉት ግን ዱላው ሰመጠ። የክረምቱ ዝናብ አፈሩን ከሥር በልቶት ሣሩ ብቻ ቀርቶ ነበር። ያም ሆኖ «ትንሽ ብቻ እንለፍ፣ ለፎቶ» ብዬ የለመንኩዎት እኔ ነኝ። «ልጄ፣ አላሳልፍሽም» አሉኝ። አኮረፍኩ፤ እስከ ካምፑ ድረስ አላናገርኩዎትም።

ወንድሜ ያን ጠዋት ራሱን ያዞረው እንደነበር የነገረኝ ደባርቅ ከገባን በኋላ ነው። እንዳያስቀረኝ ፈርቶ ደብቆኛል። ያን አፋፍ አስባለሁ፤ ያ ልጅ በዚያ እግሩ ቢረግጠው ኖሮ እላለሁ፤ እስከ ዛሬ ሌሊት ሌሊት ያባንነኛል።

ማታ ራት አልበላም፣ አስመለሰው። ብርድ የመታው መስሎን ብርድ ልብስ ደራረብንበት። እኩለ ሌሊት ላይ ሊወጣ ሲነሣ እንደ ሰካራም ተንገዳገደ። እርስዎ ተረከዙን ከጣቱ እያገናኘ ቀጥ ብሎ እንዲራመድ ጠየቁት፤ አልቻለም። «ይኼ ብርድ አይደለም፣ ከፍታው ነው። መድኃኒቱ መውረድ ነው፤ አሁኑኑ» አሉ። ንጋትን እንጠብቅ ብንል ኖሮ ምን እንደሚሆን ሐኪሞቹ በኋላ አስረድተውናል፤ አንጎል ውስጥ ውኃ ሲቋጥር ሰዓታት ይቆጠራሉ።

የበቅሎው ወንድማችን፣ የጂንባር ወንዝ በዝናቡ ሞልቶ ነበር። በባትሪ ብርሃን መጀመሪያ ብቻህን ገብተህ ጥልቀቱን ለካህ፣ ከዚያ ወንድሜን በቅሎዋ ላይ ደግፈህ አሻገርከው። ጫማህ ያኔ ውኃው ውስጥ ቀርቶ በባዶ እግርህ ዳገቱን እንደወጣህ ያየሁት ከነጋ በኋላ ነው። አንድም ቃል አልተናገርክም።

ደባርቅ ስንደርስ ስማችንን እንኳ ሳትጠይቁ ኦክስጅን ለሰካችሁለት፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እጄ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ያጎረሰችኝ ነርስ፣ ፊትሽን አልረሳም።

ወደ ሰሜን ልትወጡ የተነሣችሁ ወዳጆቼ ሆይ፣ መስከረም ላይ ከተማው በአደይ ቢደምቅም ተራራው ገና ጭቃ ነው። ራሳችሁን ካመማችሁ አትደብቁ፤ ስካውቱ ተመለሱ ካለ ተመለሱ።

ጋሼ፣ ወንድሜን የጠቀለሉበት ጋቢ እኔ ጋ ነው፣ አጥቤ አስቀምጬዋለሁ። ጥር ላይ መሬቱ ሲደርቅ ይዘንልዎ እንመጣለን፤ ያኔ ሳንቃበር ሁለት ሌሊት እናድራለን። የእሜት ጎጎ መንገድ ካልተከፈተም ግጭ ሜዳ ላይ ከጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ጋር እንውላለን።